“አትደርቡብኝ” የሚለው ኮን፣ የሰነድ ኪሱና የካርቶን ማዕዘኑ፦ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሞክሬያቸው

ሐምሌ 2016 ላይ ወንድሜ ከሜሪላንድ ፎቶ ላከልኝ። ምንም አልጻፈበትም። የጎንደር መሶብ ነው። ክዳኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ሰፌድ መስሏል። ቀጥሎ ሌላ ፎቶ መጣ፤ ሌላ መሶብ። ሦስተኛው ሲመጣ ስልኬን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ሥራዬ ይሄ ነው። መሶብ፣ ሙዳይ፣ አገልግልና የቀጨኔ ጀበና እሰበስባለሁ፣ አሽጋለሁ፣ በካርጎ አሜሪካ እልካለሁ። ወንድሜ እዚያ ተቀብሎ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ላሉ የሀበሻ ሱቆች ያከፋፍላል። ትልቅ ነጋዴ አይደለሁም። ያኔ የምልከው በሁለት ወር አንድ ፓሌት (ካርቶኖቹ የሚደረደሩበት የእንጨት መደብ) ነበር፣ በዓል ሲቀርብ ሁለት። አንዱን መሶብ አንዲት ሴት አክርማና ስንደዶዋን ቀልማ፣ ቁጭ ብላ ስትሰፋው ሳምንታት ይፈጅባታል። አንድ ፓሌት ተጨፈለቀ ሲባል የስንት ሰው ወገብ አብሮ እንደሄደ አስቡት።

የት እንደተጨፈለቀ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እዚህ ሲጫን ይሁን፣ መንገድ ላይ ይሁን፣ እዚያ መጋዘን ውስጥ ይሁን። ሁሉም “ከእኛ ሲወጣ ደህና ነበር” አሉ። ወንድሜ ደግሞ ካርቶኖቹን የከፈታቸው ዕቃውን ከተረከበ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በአውሮፕላን የተጫነ ዕቃ ተጎድቶ ሲገኝ ዓለም አቀፉ የሞንትሪያል ስምምነት የሚሰጠው ጊዜ ከርክክቡ ቀን ጀምሮ 14 ቀን ነው፤ አቤቱታውም በጽሑፍ መሆን አለበት። እኛ ይህን ያወቅነው በ22ኛው ቀን ነው። በዚያ ላይ ጉዳቱ የመጣው በላኪው መጥፎ አስተሻሸግ ከሆነ አጓጓዡ ተጠያቂ አይደለም። ያሸግሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዕቃ ገዝቼ ሞከርኩ። የሰነድ ኪስ፣ “አትደርቡ” (ከላይ ዕቃ አትጫኑ) የሚል ኮን እና የካርቶን ማዕዘን መከላከያ። ሁሉንም በገንዘቤ ነው የገዛሁት። ማንም “ጻፊልኝ” ያለኝ የለም።

ከወረቀቱ ልጀምር።

በፊት ሰነዱን የማስረው በፌስታል ነበር። አትሳቁ። ብዙዎቻችሁ አሁንም እንደዚያ እንደምታደርጉ አውቃለሁ። ኢንቮይሱንና ፓኪንግ ሊስቱን፣ ማለትም የዋጋውንና በየካርቶኑ ያለውን ዕቃ ዝርዝር፣ አጥፌ ነጭ ፌስታል ውስጥ እከትና ካርቶኑ ላይ በስኮች ዙሪያውን እጠቀልለዋለሁ። በበጋ ይሠራል። በክረምት ግን ውሃው በስኮቹ እጥፋት ገብቶ ፌስታሉ ውስጥ ይጠራቀማል። ወረቀቱን የማትመው ሰፈር ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ ማሽኑ ቀለም የሚረጨው ዓይነት ነው። አንድ ጊዜ ዕቃው ሲደርስ “ብዛት 14” የሚለው መስመር ሰማያዊ ደመና ሆኗል። ወንድሜ እንደገና በኢሜይል ተቀብሎ፣ አትሞ፣ ተመልሶ እስኪሄድ አራት ቀን አለፈ። መጋዘን ደግሞ በነፃ አያስቀምጥም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። “ዋናው ሰነድ ከኤርዌይ ቢሉ (ከአየር ጭነት ሰነዱ) ጋር በሌላ መንገድ ይሄድ የለም ወይ? ፓሌቱ ላይ መለጠፍ ምን ያደርጋል?” የሚል ሰው አለ። እኔም እል ነበር። ፓሌቱ ላይ የሚለጠፈው ቅጂ ካርቶኑን በእጁ ለሚከፍተው ሰው ነው። ተቆጣጣሪው “3ኛው ካርቶን፣ ሙዳይ፣ 6 ፍሬ” የሚል ወረቀት ካገኘ 3ኛውን ከፍቶ ቆጥሮ የመዝጋት ዕድሉ ሰፊ ነው። ካላገኘ ሁሉንም ሊከፍት ይችላል። የተከፈተ ካርቶን ደግሞ እንደ እናቱ ቤት ተመልሶ አይታሸግም።

የሰነድ ኪሱ ቀላል ነገር ነው። ፊቱ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ፣ ጀርባው የሚለጠፍ፣ ሽፋን ወረቀቱ ተልጦ የሚወድቅ። አናቱ ላይ በቀይ “ሰነድ በውስጡ አለ” ተብሎ በእንግሊዝኛ ታትሞበታል። የመጀመሪያዎቹን ዱባይ የምትመላለስ ጎረቤቴ አመጣችልኝ። በኋላ መርካቶ አንድ የማሸጊያ ዕቃ ሻጭ ጋ አገኘሁ። አንዱ ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ ያንሳል።

መጠኑን ስትመርጡ ተጠንቀቁ። መጀመሪያ የገዛሁት ጠባቡን ነው፤ ዲኤል ይሉታል፤ ኤ4 ወረቀት ሦስት ቦታ ታጥፎ የሚገባበት። አንድ ቅጠል ከሆነ ጥሩ ነው። እኔ ግን ኢንቮይስ አንድ፣ ፓኪንግ ሊስት ሦስት፣ የኤርዌይ ቢል ቅጂ አንድ አለኝ። ሦስት ቦታ ሲታጠፍ እንደ ሳምቡሳ ያብጣል፣ አፉ አይዘጋም። አሁን የምጠቀመው ሲ5 የሚባለውን ነው። 162 በ229 ሚሊሜትር ነው። ኤ4 ለሁለት ታጥፎ በደንብ ይተኛበታል።

ፈተንኩት። ነሐሴ ላይ አንድ ባዶ ካርቶን ላይ ለጥፌ ከአሸንዳው ሥር አስቀመጥኩት፤ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበበት። ጠዋት ካርቶኑ ራሱ ገንፎ ሆኗል። ኪሱ ውስጥ ያለው ወረቀት ደርቆ ቁጭ ብሏል፤ ጫፉ ብቻ ትንሽ ረጥቧል። እሱም የእኔ ጥፋት ነው፤ አፉን ወደ ላይ አድርጌ ለጥፌዋለሁ። አፉ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ይሁን።

የት እንደሚለጠፍ ለማወቅ ብዙ ከሰርኩ። አናት ላይ አትለጥፉ። አናት ላይ ዕቃ ይቀመጥበታል፣ ውሃ ይተኛበታል፣ አንዳንዴም ጫማ ያርፍበታል። ጎን ላይ ይሁን፣ ከወገብ በላይ። ካርቶኑ የሚዘጋበት ስፌት ላይም አይሁን፤ ከፋቹ በምላጭ ሲሰነጥቀው ሰነዱንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። ይህ በእኔ ደርሷል፤ ኢንቮይሴ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ፓሌቱ በሚጠቀለልበት ቀጭን ላስቲክ ላይ ብቻም አትለጥፉ፤ ላስቲኩ ሲቀደድ ኪሱም አብሮ ቆሻሻ ቅርጫት ይገባል። እኔ አንዱን ካርቶኑ ላይ እለጥፍና እጠቀልልበታለሁ። ሌላ ሁለት ደግሞ ከውጭ፣ ተጎራባች በሆኑ ሁለት ጎኖች። ፓሌት ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ ይቆማል፤ አንዱ ጎን ቢሸፈን ሌላው ይታያል።

ነቀፌታዬ ማጣበቂያው ላይ ነው። አቧራ አይወድም። የመርካቶ ካርቶን ደግሞ አቧራ ለብሶ ነው የሚመጣው። በደረቅ ጨርቅ ካልተጠረገ በማግሥቱ ጥጉ ይላጣል። በሐምሌ ብርድ ጠዋትም ይሰንፋል፤ በመዳፍ ማሸት ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ደግሞ ከሌላ ሱቅ ወፈር ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ኪስ ገዛሁ። ፒቪሲ ነው። ሙቀት ሲያገኘው በሌዘር የታተመው ጽሑፍ ከወረቀቱ ተነቅሎ ላስቲኩ ላይ ተለጠፈ። ፊደሉ ይነበባል፣ ግን ወረቀቱ ላይ አይደለም። በሙቀት የሚታተም ደረሰኝና ሌብል ደግሞ ከእንዲህ ዓይነት ላስቲክ ጋር ሲከርም ይደበዝዛል። ለስላሳውንና ወተት መሳዩን ፖሊኤትሊን ግዙ። ርካሹ የተሻለበት ቦታ ብርቅ ነው፤ ይሄ አንዱ ነው።

ሌላም አለ። ኪሱ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ማንም ያነበዋል። የመሶቡን ዋጋ ለመጋዘን ሰው ሁሉ ምን አሳየው? ፓኪንግ ሊስቱን ከፊት፣ ኢንቮይሱን ከኋላ ታጥፎ አስገቡ። የኤርዌይ ቢሉን ቁጥር ግን በትልቁ ጻፉ። 11 አሃዝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 3 የአየር መንገዱ መለያ ናቸው። ሰነዱ ሁሉ ቢጠፋ እንኳ ይህ ቁጥር ካለ ዕቃው ባለቤቱን ያገኛል። እኔ በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ በማርከርም እጽፈዋለሁ።

ለኪሱ ከአምስት አራት ተኩል። ግማሿን ማጣበቂያው በላት።

አሁን ወደ ኮኑ። ይሄኛው ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም ብዙ ተስፋ አድርጌበት ነበር።

ኮኑን ስትገዙት ጠፍጣፋ ካርቶን ነው። ስታጥፉት ሾጣጣ ይሆናል፤ ግርጌው 20 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ቁመቱ 25። በቀይ “አትደርቡ” ይላል፣ በእንግሊዝኛና በሌላ ሁለት ሦስት ቋንቋ። ከሥሩ የሚለጠፍ ነገር አለው። ፓሌቱ አናት ላይ መሐል ትተክሉታላችሁ። አሳቡ ግልጽ ነው። ጫፍ ያለው ነገር ላይ ዕቃ አይቀመጥም።

ወንድሜ በሰው ሻንጣ 25 ፍሬ ላከልኝ። የመጀመሪያውን አጥፌ ፓሌቱ ላይ ሳቆመው አክስቴ ከበሩ ላይ ቆማ አየችው።

“ይሄ ደግሞ የምን መሶብ ነው? እናቱ የት አለች?” አለችኝ።

ሳቅሁ፤ ግን እውነቷን ነው። መሶባችን ከጥንት ጀምሮ ኮን ተሸክሞ ነው የሚኖረው። በእኛ ቤት መሶብ ላይ ዕቃ ሲጫን አይቼ አላውቅም። ነውርነቱ እንዳለ ሆኖ ክዳኑ ራሱ አያስቀምጥም፤ ያንሸራትታል። የኮኑ ብልሃት ይኸው ነው። ልዩነቱ የመሶቡን ክዳን እናት ቤት ያሉ ሁሉ ያውቁታል፤ ይሄኛውን ግን የሚያየው በሌሊት ፈረቃ ፎርክሊፍት የሚነዳ፣ ከፊቱ ገና ሠላሳ ፓሌት የሚጠብቀው ሰው ነው።

ጥንካሬውን እንዳትጠይቁኝ። ግቢ ውስጥ አንድ ከረጢት ስሚንቶ ጫንኩበት፤ 50 ኪሎ። “ጭስ” የሚል ድምፅ አሰምቶ ተኛ። ተሸካሚ አይደለም። ተናጋሪ ነው። ሰሚ ካለ ይሠራል።

በአምስት ፓሌት ላይ ተጠቀምኩበት። በሦስቱ ኮኑ ቀጥ እንዳለ ደረሰ። በአንዱ ጭራሽ ጠፋ፤ ማን እንደነቀለው አይታወቅም። በአንዱ ተጨፍልቆ ደረሰ።

የተጨፈለቀው ነው የጠቀመኝ። ወንድሜ በዚህ ጊዜ ብልህ ሆኗል። ፓሌቱን ከመኪና ሳያወርድ የጠፈጠፈውን ኮን ፎቶ አነሳ። መረከቢያ ወረቀቱ ላይም “ኮኑ ተጨፍልቆ፣ ከላይ ተጭኖበት ደርሷል” ብሎ ጽፎ ፈረመ። በአራተኛው ቀን አቤቱታውን አስገባ። ሦስት ወር ከተመላለሰ በኋላ ከፊሉን ከፈሉት። ያለ ኮኑ “ምን አውቀን ነው፣ አስተሻሸጋችሁ ነው” ይሉን ነበር። ኮን ዘበኛ ሳይሆን ምስክር ነው ብዬ የደመደምኩት ያኔ ነው። ለምስክርነቱ ብቻ ከሆነ ዋጋው አያስቆጭም።

የሚያስቆጨው ሌላ ነገር ነው። ይህን የትም አላነበብኩም፤ ሚዛኑ ላይ ቆሜ ነው የተማርኩት።

መሶብ ቀላል ነው፣ ቦታ ግን ይበላል። እንዲህ ያለ ዕቃ በካርጎ ሲሄድ በሚዛኑ ሳይሆን በቮልዩም ነው የሚከፈለው። ርዝመት በወርድ በቁመት በሴንቲሜትር ታባዙና ለ6000 ታካፍላላችሁ። የእኔ ፓሌት 120 በ100 ነው፤ ቁመቱ 110። ሲባዛ 1,320,000፤ ለ6000 ሲካፈል 220 ኪሎ። በሚዛን ግን 96 ኪሎ ነበር። እሺ፣ ይህን ለምጄዋለሁ።

ኮኑን ተክዬ የሄድኩ ቀን የካርጎው መዛኝ ሜትሩን ከመሬት ጀምሮ እስከ ኮኑ ጫፍ ዘረጋው። 135 ሴንቲሜትር። “ኧረ እሱ ካርቶን አይደለም፣ ምልክት ነው!” አልኩት። “እህቴ፣ ላዩ ላይ ምንም አይጫን ካልሽ እኮ ቦታውን ገዝተሽዋል” አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልክ ነው። 120 በ100 በ135 ለ6000 ሲካፈል 270 ኪሎ። ለአንድ ባዶ ሾጣጣ ካርቶን 50 ኪሎ ከፈልኩ። በውስጡ ያለው የቦሌ አየር ነው።

በመርከብ ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር ተደባልቆ ሲሄድም ያው ነው። እዚያ የሚቆጠረው በሜትር ኩብ ነው፤ 25 ሴንቲሜትሯ 0.3 ሜትር ኩብ ታክላለች። ኮንቴይነሩን ብቻችሁን ከያዛችሁት ደግሞ ከላይ ማን ይጭንባችኋል? ኮኑ የሚያዋጣው ሒሳቡ በፓሌት ቁጥር በሚሠራበት መኪና ላይ ነው። ለእኔ ዓይነቱ ሰው አይደለም።

ደግሞም በጫኙ ቦታ ሆኜ ማሰብ ጀመርኩ። አውሮፕላን ውስጥ ዕቃ የሚገባው በትልቅ የአሉሚኒየም ዝርግ ላይ ተደራጅቶ ነው። የተለመደው 318 በ244 ሴንቲሜትር ነው። በሰፋፊዎቹ አውሮፕላኖች ሆድ ውስጥ ዕቃው ቢበዛ ወደ 160 ሴንቲሜትር ገደማ ነው ከፍ የሚለው። የዚያ ሰው ሥራ ክፍተት አለመተው ነው። የእኔን 110 ሴንቲሜትር ሲያይ ከላዩ 50 ሴንቲሜትር ባዶ ቦታ ይታየዋል። ኮን ቢኖርም ባይኖርም ያ ቦታ ያጓጓዋል። እናስ? ለምን ራሴ አልሞላውም? አሁን ፓሌቴን 155 አድርሼ ነው የምልከው። በየሁለት ወሩ እልከው የነበረውን አጠራቅሜ በየሦስት ወሩ እልካለሁ። ላዩ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ከሌለ “አትደርቡ” ማለትም አያስፈልግ።

ለኮኑ ከአምስት ሁለት። አንዷ ለምስክርነቱ ናት።

በነገራችን ላይ ተለጣፊ ምልክቶቹስ የሚል ካለ፤ ጃንጥላው፣ ብርጭቆው፣ ወደ ላይ የሚያሳዩት ሁለት ቀስቶች። አይኤስኦ 780 በሚባል ደረጃ የተወሰኑ ሥዕሎች ናቸው፤ የትም አገር አንድ ዓይነት ነው። ለጥፉ፤ ርካሽ ነው። ከሁሉ የሚሻለው “ከዚህ ቁጥር በላይ አትደርድሩ” የሚለው ነው፤ ካርቶን በካርቶን ላይ ተሥሎ መሐሉ ላይ ቁጥር ይጻፍበታል። ስንት መሸከም እንደምትችሉ ትናገራላችሁ እንጂ አትለምኑም። እንጨቱ ፓሌት ላይ ያለውን ማኅተም ብቻ እንዳትሸፍኑ። የስንዴ ዛላ ያለበት፣ “ኤችቲ” የሚል ጽሑፍ የተቃጠለበት። እንጨቱ እስከ ልቡ 56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ አግኝቷል ማለት ነው፤ ተባይ እንዳይሻገር። እሱ ካልታየ አሜሪካ መሶቡ ደህና ቢደርስም ፓሌቱ ያጣላችኋል።

ሦስተኛው ዕቃ የካርቶን ማዕዘን ነው። ስለ እሱ ብዙ አልልም ብዬ ነበር፤ ግን ልቤ የተሸነፈው እዚህ ነው።

ወረቀት በወረቀት ላይ ተጣብቆ የተሠራ፣ እንደ ብረት አንግል 90 ዲግሪ የታጠፈ ረጅም ነገር ነው። የእኔ ወርዱ 5 በ5 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር። በመጋዝ ይቆረጣል። በፓሌቱ አራት ጥግ አራቱን ታቆሙና ከላይ ዙሪያውን ሌላ አራት ታስቀምጣላችሁ። ከዚያ በላስቲክ መጠቅለል፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍሮ ማሰር።

ይህን ከመግዛቴ በፊት ግን ሌላ ጥፋት ነበረን። የሚያሽጉልኝ ሰውዬ የቀድሞ ግንበኛ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ካርቶኑን የሚደረድሩት እንደ ብሎኬት እያፈራረቁ ነው፤ የላይኛው የታችኞቹን ሁለት መጋጠሚያ እየረገጠ። ለግድግዳ ትክክል ነው። ለካርቶን ግን አይደለም። ባዶ ካርቶን አንስታችሁ መሐሉን ብትጫኑት ይጎደጉዳል፤ ጥጉን ብትጫኑት ይመክታል። ጉልበቱ ያለው አራቱ ጥግ ላይ ነው። ጥግ በጥግ ላይ ሲቆም ክብደቱ እንደ ምሰሶ ወደ ታች ይወርዳል። ሲፈራረቅ ግን የላይኛው ጥግ የታችኛው መሐል ላይ ያርፋል።

ጋሼ አላመኑኝም። “የኔ ልጅ፣ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ የሠራ ግንበኛ ደሞዙን አይቀበልም” አሉኝ። እንግዲያው እንሞክር ተባለ። ባለ አምስት ንጣፍ ካርቶን፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። በአንድ በኩል ጥግ በጥግ ሦስት ደረደርን፤ በሌላ በኩል እሳቸው አፈራረቁ። በሁለቱም ላይ ጣውላ አጋድመን ሦስት ሦስት ከረጢት ስሚንቶ ጫንን። ማታ ሁለቱም ቆመዋል። ጋሼ እያፏጩ ሄዱ። ሌሊቱ የክረምት ሌሊት ነው፤ ካርቶን ደግሞ እርጥበት ሲጠጣ ይልማል። ጠዋት ሲመጡ የእሳቸው ድርድር አንድ ጎኑ ተቀምጦ ስሚንቶው ወደ አጥሩ ተንጋሏል። የእኔ ቆሟል። ለረጅም ጊዜ አዩት። “በሉ ለካርቶን እንዲህ ነው፤ ለቤት ግን እንዳትነኪብኝ” አሉ።

ከዚያ ማዕዘኑ ሲታከልበት ሌላ ነገር ሆነ። ጥግ በጥግ የተደረደረ ካርቶን መጥፎ ጎኑ መንሸራተቱ ነው፤ ማፈራረቅ የተፈለሰፈውም ለዚያ ነው። አራቱ ማዕዘኖች ግን እንደ አልጋ እግር ይዘው ያቆሙታል። ማሰሪያው ሲጠብቅም ካርቶኑን አይቆርጠውም፤ ማዕዘኑ ላይ ነው የሚያርፈው። ከካርቶኖቹ ሁሉ አናት ላይ ደግሞ አንድ ዝርግ ቺፑድ አደርጋለሁ፤ በፓሌቱ ልክ የተቆረጠ። ቺፑድ በሙጫና በሙቀት የተጋገረ ስለሆነ ያ የስንዴ ዛላ ማኅተም አያስፈልገውም። ማንም ከላይ ዕቃ ቢያስቀምጥ ክብደቱ ወደ አራቱ ጥግ ይሄዳል እንጂ መሐል ያለው መሶብ ላይ አይወድቅም። ካርቶኑ ደግሞ ከፓሌቱ ጠርዝ በአንድ ጣት እንኳ እንዳይወጣ። የወጣ ጥግ አየር ላይ ነው የቆመው፤ ማዕዘንም አያድነውም።

መሶቡም ውስጡን ታደሰ። ክዳኑን ገልብጬ ጫፉን ወደ ታች አድርጌ መሶቡ ሆድ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ዙሪያውን በተጨማደደ ጋዜጣ። ጀበና ከታች፣ አንገቱ በጨርቅ ተጠምጥሞ። ሙዳይ ከላይ።

የማዕዘኑ ነቀፌታ አለ? አለ። ሁልጊዜ አይገኝም። ሻጩ “የሚቀጥለው ሳምንት” ይላል፤ የእሱ ሳምንት ወር ነው። አንድ ጊዜ ሲያልቅብኝ የጨርቅ ጣቃ የሚጠቀለልበትን ወፍራም የካርቶን ቱቦ ከሸማ ተራ ለምኜ ለአራት ሰንጥቄ ተጠቀምኩ። አላማረም፤ ግን ሠርቷል። ውሃ ውስጥ ከቆመም ግርጌው ይልማል፤ ስለዚህ ከፓሌቱ እንጨት በታች እንዳይወርድ አድርጌ እቆርጠዋለሁ። ዋጋው ለአንድ ፓሌት ስምንቱም ተደምሮ ያ ኮን ካስከፈለኝ 50 ኪሎ ጋር አይወዳደርም።

ከአምስት አምስት። ቅር ያለኝ ቀደም ብዬ ባለማወቄ ነው።

በዚህ አኳኋን ሰባት ፓሌት ልኬያለሁ። በስድስቱ ምንም የለም። በአንዱ የሁለት ጀበና አንገት ተሰብሯል፤ እሱ ግን የመደርደር ነገር አይደለም፤ ጋሼ ያን ቀን ታመው እኔ ነኝ ያሸግሁት። ባለፈው ሳምንት 200 የሰነድ ኪስና ለአራት ፓሌት የሚሆን ማዕዘን አዝዣለሁ። የተረፉኝ ኮኖች 19 ናቸው። ወደ ደሴ ወይም ወደ ሐዋሳ በመኪና ዕቃ የሚልክ ሰው ካለ መጥቶ ይውሰድ። አንዱ ብቻ አይገኝም፤ አክስቴ ቡና ስታፈላ የስኳሯን ዕቃ ትሸፍንበታለች፤ ዝንብ አያስገባም ትላለች።